በተናኜ ጣት ላይ የታሰረው ጭራ

በሃምሳዎቹ መግቢያ ቆቦ ውስጥ ልጁን የሚድር ሰው ጠላው ከተጠነሰሰ በኋላ ቀጥሎ የሚያስበው ተናኜን ነበር። ተናኜ ሹሩባ ሠሪ ናት። ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ቤት ነበረቻት። በራፏ ላይ ቁርበት ታነጥፍና የመጣችውን ሴት ራስ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ጸጉሩን በወስፌ እየለየች፣ ለጋ ቅቤ እየነካካች ትጎነጉናለች። ሌላ ሴት ስትሠራ ቅንድብ ድረስ ይወጠራል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ትራስ አያስነካም። ተናኜ ስትሠራ ግን ተሠሪዋ ታንቀላፋለች። ከዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ የሚመጡ ባላገሮች ሳይቀሩ «የሷ እጅ አያምም» ይሉ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከባሏ ተለይታ ብቻዋን መኖር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ወሬ አታበዛም፤ ሰው ራሱን ሲሰጣት ምስጢሩንም አብሮ እንደሚሰጣት ታውቃለችና የሰማችውን እዚያው ቁርበቱ ላይ ትታው ትነሳለች። በዚህም ይወዷት ነበር።

ኪንታሮቱ የጀመራት በቀኝ እጇ አመልካች ጣት ላይ ነው። መጀመሪያ የማሽላ ፍሬ ታህል ነበር። ወስፌው የወጋት መስሏት ችላ አለችው። በሁለት ወሩ ሽምብራ አከለች፤ አናቷ ተሰነጣጠቀ፤ ዙሪያዋን ደግሞ ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ ወጡ። ጥቅምት ሳያልቅ ወደ አውራ ጣቷ ተሻገረ፤ ከዚያ ወደ ግራ እጇ።

ጎረቤት ያልነገራት መድኃኒት የለም። አንዷ ኮከብ ቆጥረሽ ነው አለቻት፤ ኮከብ የቆጠረ ሰው በቆጠረው ልክ ኪንታሮት ይወጣበታልና። ተናኜ ኮከብ የቆጠረችው ልጅ ሳለች እንደሆነ ብትናገርም የሚሰማት አልተገኘም። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ወቅጠሽ እሰሪበት ብላ መከረቻት። አሥር ቀን አሰረችው፤ ያተረፈችው ሽታውን ብቻ ነው፤ ጸጉር ልትሠራ የቀረበቻት ሴት ሁሉ ፊቷን ታዞር ጀመር። ከዚያ የቅንጭብ ወተት መጣ። ቅንጭቡን ቆርጣ የፈሰሰውን ነጭ ወተት በስንጥር ጠብ ስታደርግበት ኪንታሮቱ ምንም አልሆነም፤ ዙሪያው ያለው ደህናው ቆዳ ግን ተቃጥሎ ውኃ ቋጠረ፤ ሁለት ሳምንት እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ተቀመጠች። አንድ ጸጉር ላጭ ደግሞ እኔ በምላጭ እገላግልሻለሁ አላት። ከሥሩ ቆረጠው። ደሙ አልቆም ብሎ መከራዋን አየች፤ ቁስሉ ሲድን በአንዱ ቦታ ሦስት ሆኖ በቀለ። መጨረሻ ላይ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዘንድ ሄደች። ሰውየው እጇን አገላብጦ አየና ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እጁ ላይ እንደሌለ፣ አንዳንዱ ኪንታሮት ጊዜው ሲደርስ በራሱ እንደሚሄድ ነግሮ፣ ዳግመኛ ምላጭ እንዳታስነካው አስጠንቅቆ ሸኛት። እውነቱን ነበር። ግን በራሱ ይሄዳል የተባለ ነገር የሚሄድበትን ቀን አይናገርም።

ጥር ላይ የእህል ነጋዴው ሚስት ደመቀች ትልቋን ልጇን ዳረች። ተናኜ እንደ ልማዷ ወስፌዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በጠዋት ደረሰች። ሙሽራዋ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። ተናኜ ጸጉሯን ልትፈታ እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ጣቶቿን አየችና አንገቷን ሰበር አደረገች። ደመቀች ይህን አየች። ተናኜን በክንዷ ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና እንጀራ በወጥ አቀረበችላት።

«ተናኜ እህቴ፣ ልጅቷ ፈርታለች» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለሠርጓ ቀን ምን ልበላት?»

ተናኜ እንጀራውን ትታ ብትወጣ ቤቱን ማስቀየም ስለሆነባት ቁጭ ብላ በላች። እያንዳንዱ ጉርሻ እንደ ድንጋይ ነበር። በልታ፣ እጇን ታጥባ፣ ሙሽራዋን መርቃ በጓሮ በር ወጣች።

ወሬው ሳያልቅ ደንበኛ አለቀ። ማንም በፊቷ ክፉ ነገር አልተናገራትም፤ ዝም ብለው መምጣታቸውን ተዉ። መንገድ ላይ ሲያገኟት እጇን በመጨበጥ ፋንታ ትከሻዋን ሳም ሳም አድርገው ያልፋሉ። ጥጥ መፍተል ጀመረች፤ እሱም ቢሆን ክሩ ሻካራው ጣቷ ላይ እየተያዘ ይበጠስባታል። በዓቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንኳ እጇን ከነጠላዋ ሥር አታወጣም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ደመቀች ራሷ መጣች። ተናኜ ወንበር ስታቀርብላት እንቢ ብላ በራፉ ላይ ቆማ፣ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ እንዳልተኛች፣ ያንን ቃል ከአፏ ያወጣችበትን ሰዓት እንደምትረግም ነገረቻት። ከዚያ የመጣችበትን ጉዳይ አወጣች። ከሮቢት ወዲህ፣ ከጎሊና ወንዝ ማዶ፣ ሀጀራ የሚሏት ሴት ኪንታሮት በማሰር ታጠፋለች፤ የደመቀችን ወንድም ጉልበት ያጸዳችው እሷ ናት፤ ዋጋ አትጠይቅም።

ተናኜ ከተስፋ ይልቅ ድካም ተሰማት። ያም ሆኖ ሰኔ ሲገባ፣ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ ማለዳ ተነስታ በእግሯ ሄደች።

ሀጀራ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ትንሽ፣ ቀጭን ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇ ኡሙሃኒ ወደ አፋር ወሰን ተድራ ርቃለች። ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ጋርዷቸዋል። ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች። ተናኜ የመጣችበትን ስትነግራት ሰፌዱን አስቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ተናኜ ትንሽ አመነታች። ከዚያ እጇን ሰጠቻት።

ሀጀራ «ቢስሚላሂ» ብላ ተቀበለቻት። ጣት በጣት፣ አንጓ በአንጓ፣ እንደ መቁጠሪያ ትዳስሰው ጀመር። አልቸኮለችም። ሻካራውን ሁሉ በአውራ ጣቷ ዞረችው፤ የቅንጭቡን ጠባሳና የምላጩን ጠባሳ ሳይነገራት ለየችው። አምስት ወር ሙሉ እጇን የያዘ ሰው አልነበረምና ተናኜ፣ ሴትዮዋ አለማየቷን ባርካ፣ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች።

«ይቺ ናት እናትየዋ» አለች ሀጀራ፣ አመልካች ጣቷ ላይ ያለችውን ትልቋን ይዛ። «ሌላውን አንነካም። እናትየዋ ስትወድቅ ልጆቹ ይበተናሉ።»

ተናኜ እጇ ተንቀጠቀጠ። ሀጀራ መንቀጥቀጡ ተሰማት፤ ግን ለጊዜው አልጠየቀቻትም። ሥራው ቀላል እንደሆነ አስረዳቻት። የፈረስ ጭራ አንድ ዘለላ ከኪንታሮቱ ሥር ይታሰራል፤ በሳምንቱ ይፈታና በአዲስ ጭራ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ቀስ በቀስ ደሙ ሲከለከል ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይወድቃል። የከብት ጭራ ይበጠሳል፤ ክር ይበሰብሳል። የፈረስ ብቻ ነው የሚሆነው። እሷ ዘንድ የነበረው ደግሞ አልቋል፤ ቆላው ላይ ፈረስ ከየት ይመጣል?

ተናኜ ከየት እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ቆቦ ውስጥ ያኔ የሚሠሩት ጋሪዎች ሦስት ነበሩ። ሁለቱን በቅሎ ይጎትታቸዋል። ሦስተኛውን የሚጎትተው ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ነጭ የሆነ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ባሏ ነበር።

ተለያዩ ሲባል ተጣልተው አይደለም። ዘነበች የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ዝናብ ሲጥል ስለተወለደች ነው ስሟ። ወባው ቆላውን በፈጀው ዓመት፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት፣ በሦስት ቀን ትኩሳት ሞተች። ደሳለኝ ያን ሰሞን በጋሪው እህል ጭኖ አላማጣ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ልጁ ተቀብራ፣ ሰዉ ለቅሶ ተቀምጦ አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ልጅቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንዴት ሆና ሞተች አላለም፤ ማን አጠገቧ ነበር አላለም። ልጅቷን ትኩሳቱ ሲጀምራት ተናኜ ሠርግ ቤት ጸጉር እየሠራች ነበርና ዝምታውን እንደ ፍርድ ቆጠረችው። አርባዋ በወጣ በሳምንቱ ጓዟን ጠቅልላ ወጣች። አትሂጂ አላላትም። ያን ደግሞ ከፍርዱ ላይ ጨመረችው።

ሁለት ቀን ካሰበች በኋላ ጋሪዎቹ ወደሚቆሙበት ሄደች። ደሳለኝ ለቦራ ውኃ እያጠጣ ነበር።

«እንዴት ዋሉ?» አለችው።

ቀና ብሎ አያት፤ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞርም አለ። «እኔን ነው አንቱ የምትይኝ?» አላት። አልተቆጣም፤ ከመቆጣት የባሰ ነገር ነበር ድምፁ ውስጥ።

ከፈረሱ ጭራ አንድ ዘለላ እንደምትፈልግ ነገረችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ከኋላ ሄዶ፣ የፈረሱን ታፋ እየደባበሰ፣ ረጅሙን መርጦ ነቀለ። አንድ ብላው ሦስት አመጣ። ለመቀበል እጇን ከነጠላዋ ስታወጣ ጣቶቿን አየ። ጭራውን መዳፏ ላይ አስቀምጦ በገዛ እጁ ጣቶቿን አጠፈላት።

«ከፈለግሽ ለሳምንትም ነይ» አላት። «ጭራው ብዙ ነው።»

በየሳምንቱ ሐሙስ ወደ ሀጀራ መመላለስ ያዘች። ረቡዕ ረቡዕ ደሳለኝ ጭራውን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ጭራው በሳሙና ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ተቀምጦ ነበር የምታገኘው። ስለ ፈረሱ፣ ስለ ዝናቡ ትንሽ ያወራሉ፤ ትሄዳለች።

አራተኛው ሐሙስ ላይ ሀጀራ ጭራውን ለማጥበቅ ስታጎነብስ የራሷ መሸፈኛ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ተናኜ ከሥሩ ያለውን ጸጉር አየች። ሽበቱ ተያይዞ፣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ቆየ ጎጆ ሣር ሆኗል። ልጇ ከሄደች ወዲህ ማንም አልሠራላትም፤ ዓይኗ አያይ፣ ክንዷ ወደ ላይ አይነሳ። ተናኜ ዓይኗን ከጸጉሩ ላይ መንቀል አቃታት። ሙያ ክፉ ነው፤ የተበላሸ ሲያይ ዝም ብሎ አያስቀምጥም።

«እማማ ሀጀራ፣ ጸጉርዎን ብሠራልዎ በወደድሁ» አለች። «ግን እጄ…»

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ያውቁት የለም እንዴ። ቢጋባብዎስ?»

ሀጀራ ሳቀች። «ይሄን ራስ ከአራት ዓመት ወዲህ የነካው ሰው የለም» አለቻት። «ኪንታሮትም ቢመጣ እንግዳ ነው፣ እናስተናግደዋለን። ወላሂ፣ ይልቅ ሳይመሽብሽ ጀምሪ።»

ጎረቤት ቅቤ ሰጠ። ተናኜ ያሮጊቷን ራስ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ የተያያዘውን በውኃና በቅቤ እያለሰለሰች፣ በጣቷ ስትፈታ ረፋዱ አለፈ፤ ቀትርም ሆነ። መጎንጎን ስትጀምር ጣቶቿ ሥራቸውን አልረሱም ነበር። የታሰረው ጣት ትንሽ ቢጠዘጥዛትም የቀሩት ይሸፍኑለታል። መሐል ላይ የሀጀራ ትንፋሽ ከበደ፤ ተኝታለች። ተናኜ ስትጨርስም እንዳትቀሰቅሳት ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ቆየች።

ስትነቃ ሀጀራ በመዳፏ ድርድሩን ከፊት ወደ ኋላ ዳሰሰችው። «ማሻአላህ» አለች። ከዚያ «የመጀመሪያ ቀን እናትና ልጅ ስል እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነበር» አለቻት።

ተናኜ ሁሉን ነገረቻት፤ ስለ ዘነበች፣ ስለ ዝምታው፣ ጭራውን የሚሰጣት ማን እንደሆነም። ሀጀራ ሳታቋርጣት ሰማች። ደሳለኝን አልወቀሰችም፤ ተናኜንም አላጽናናቻትም።

«ዝም ያለ ሰው ሁሉ እየፈረደ አይደለም» አለቻት በመጨረሻ። «የሚፈረድበት የመሰለውም ዝም ይላል። እስቲ ጠይቂው።»

ሐምሌ እኩሌታ ላይ ዝናቡ በረታ። አንድ ሐሙስ ደሳለኝ መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ በጋሪው ሊያደርሳት ተነሳ። ጎሊና ሲደርሱ ወንዙ ሞልቶ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ማዶም ወዲህም ሰው ተኮልኩሎ እስኪጎድል ይጠብቃል። እነሱም ጋሪውን ከመንገድ አውጥተው ከአንድ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

ተናኜ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሳ፣ ዘነበችን ትታ ሠርግ ቤት በመሄዷ እስከዛሬ ይፈርድባት እንደሆነ ጠየቀችው።

ደሳለኝ ሲመልስላት ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። «ጋሪው እጄ ላይ እያለ ልጄ ሐኪም ሳታይ ሞተች። እዚህ ብሆን ወልዲያ አደርሳት ነበር። አንቺን በምን አፌ ልጠይቅሽ? ስትወጪም እውነትሽን ነው ብዬ ነው የተውኩሽ።»

ተናኜ ወደ እሱ ዞረች። ሦስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዳቸው አንድ ሸክም ለየብቻ ተሸክመው ኖረዋል።

«ንገሪኝ» አላት። «የመጨረሻ ቀኗን ንገሪኝ።»

ነገረችው። ትኩሳቱ ረፋዱ ላይ በረድ ብሎላት ውኃ እንደጠጣች፣ ከበራፉ ላይ የበቅሎ ኮቴ ስትሰማ አባባ ነው ብላ ቀና እንዳለች፣ ከዚያ እቅፏ ውስጥ እንደተኛችና እንዳልነቃች አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«ጸጉሯን ሠርተሽላት ነበር?» አላት።

«ጋሜዋን አስተካክዬ፣ ቅቤ ቀብቼላት ነበር። ሙቀቱን ይወስድላታል ብዬ። ደስ ብሏት ነበር፣ ደሳለኝ። ስቀባት ዓይኗን ጨፈን ታደርገው የለ?»

ደሳለኝ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ያላለቀሰውን ነበር ያለቀሰው። ተናኜ እጁን ያዘችው፤ በምን እጅ እንደያዘችው አላሰበችም። ያን ቀን ወንዙ ሳይጎድል ዋለ፤ ሳይሻገሩ ተመለሱ።

እናትየዋ ኪንታሮት በዚያው ሰሞን ጠቁራ ደርቃ ነበር። አንድ ጠዋት ተናኜ ልብስ አጥባ ስትነሳ ጣቷን ብታየው የለችም፤ ጭራውም የለም። ሀጀራ ወድቃ ስታገኚ አምጪልኝ፣ ከድንጋይ ሥር እቀብራታለሁ ብላት ነበርና ሳፋውን ገልብጣ፣ ግቢውን በእጇ እየዳበሰች ፈለገች። አጣቻት። በሚቀጥለው ሐሙስ እየፈራች ስትነግራት ሀጀራ እስኪያስላት ሳቀች። ሰው ላም ጠፋችብኝ ሲል ሰምታለች፤ የጠፋ ኪንታሮት የሚፈልግ ሰው ግን ገና ዛሬ አየች።

ትንንሾቹ እስከ መስቀል ድረስ አንድ በአንድ እየደረቁ ረገፉ። ከግራ እጇ ሁለቱ ብቻ እስከ ገና ቆዩ። ተናኜ ጭራው ነው ያዳነኝ ወይስ ድሬሰሩ እንዳለው ጊዜው ደርሶ ነው ብላ ሀጀራን ጠየቀቻት። ሀጀራ እሷ የምታውቀው ማሰሩን እንደሆነ፣ የሚያሽረው አላህ እንደሆነ፣ አንዳንዱም አስረውት የማይወድቅ እንዳለ ሳትደብቅ ነገረቻት።

ኅዳር ላይ ደሳለኝ ሁለት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ለመናገር ተዘጋጅተው መጥተው ነበር፤ ተናኜ ገና ሳይጀምሩ እሺ ስላለቻቸው ትንሽ ቅር ብሏቸው ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። ልጅ ዘገየባቸው፤ በሦስተኛው ዓመት ወንድ ተወለደ። ሴቶቹም አንድ አንድ እያሉ ወደ ቁርበቱ ተመለሱ። ደመቀች ሁለተኛዋን ልጇን ስትድር ወር ሲቀረው መጥታ ቀን አስያዘች፤ ተናኜም ሠራችላት። ያለፈውን ማናቸውም አላነሱም።

እጇ ከዳነ በኋላም ተናኜ ወደ ሀጀራ መሄዷን አልተወችም። በወር አንዴ፣ ሲመች በአሥራ አምስት ቀን፣ ጸጉሯን ፈትታ ትሠራላታለች። ሀጀራም የማሰሩን ዘዴ አስተማረቻት፤ ከሥሩ እንጂ ከወገቡ እንዳይታሰር፣ ሥጋ እንዳይዝ፣ ከተቆጣና መግል ከያዘ ቶሎ ተፈትቶ ሐኪም ዘንድ እንዲላክ።

ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ ማሽላው በታጨደ ሰሞን፣ ሀጀራ ታመመች። ጎረቤት ሰው ሲልክባት ተናኜ ልጇን አዝላ ተነሳች፤ ደሳለኝ በጋሪ አደረሳት። ሀጀራ መናገር ደክሟት ነበር። እጇን አንስታ ራሷን ብቻ አሳየቻት። ተናኜ መደቡ ላይ ወጥታ የሀጀራን ራስ ጉልበቷ ላይ አስተኛችና ቀስ ብላ ጎነጎነችላት፤ ጸጉሩ ሳስቶ ከጣቷ ላይ ይንሸራተት ነበር። አልቸኮለችም። ሀጀራ በማግስቱ ጠዋት አረፈች።

ኡሙሃኒ ከአፋር ወሰን የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነበር። ወጣት ናት፤ መንገዱ አቧራ አልብሷት፣ ከንፈሯ ደርቋል። ሴቶቹ ሲያቅፏት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ጸጉሯ እንዴት ነበር፣ ትቻት ስሄድ የሚሠራላት ሰው አልነበራትም አለች።

ሴቶቹ ወደ ተናኜ ተመለከቱ። ተናኜ ከጥግ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠችና የእናቷን የመጨረሻ ቀን ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራት ጀመር። ለቅሶው እስኪነሳ ሦስት ቀን እዚያው ሰነበተች።